አንድ ፒያኖ፣ አራት እጅ

መቼም ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ጎረቤቱ ምን እንደሠራ በሽታው፣ ከማን ጋር እንደተጣላ ደግሞ በድምፁ ያውቃል። እኛ የምንኖረው ሰሚት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታቻችን ያሉት ሰዎች በርበሬ ሲያቁላሉ እኛ ቤት ያስነጥሰናል፤ እኛ ቤት ፒያኖ ሲመታ ደግሞ እነሱ ቤት ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ አባወራው «ትናንት ልጅቷ ትንሽ አልሆነላትም መሰለኝ?» ይሉኛል። የሙዚቃ ሃያሲ በየፎቁ አለ ማለት ነው።

«ፒያኖ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ፒያኖ። ሶኬት ላይ የሚሰካው ሳይሆን የእንጨቱ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው፣ ክብደቱ ሁለት መቶ ኪሎን የሚያልፈው። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ በስምንት ሰው ትከሻ አራት ፎቅ ሲወጣ የብሎካችን ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር ያየው። አንዲት እናት «ምን ያለ ቁም ሳጥን ነው እንዲህ የሚያቃስተው?» ብለው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው። ተሸካሚዎቹ ባጋደሉት ቁጥር ከሆዱ የሆነ ነገር ያቃስት ነበር።

የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚያ ቁም ሳጥን ነው። በትክክል ለመናገር ደግሞ ሆዱ ውስጥ ስለተገኘው ነገር ነው።

በ2017 ዓ.ም. የፒያኖው ፔዳል እምቢ አለ። ልጄ በእግሯ ስትረግጠው ይወርዳል፤ ስትለቀው አይመለስም። ፒያኖ የሚቃኝና የሚጠግን ሰው እንደ ቧንቧ ሠራተኛ በየመንደሩ አይገኝም። በስንት ስልክ አንድ ባለሙያ ተገኘና ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ከዚያ በፊት ፒያኖው በተቃኘ ቁጥር የሚከፈተው የላይኛው ክዳን ብቻ ነበር። ፔዳሉ ግን ከታች ነው ያለው። ሰውዬው ተንበርክኮ ከጉልበት በታች ያለውን ሰሌዳ አወለቀና «ኧረ እዚህስ ቤት አለ!» አለ።

አቧራ፣ አንድ የደረቀ ቢክ እስክሪብቶ፣ ሁለት ባለ አሥር ሳንቲም፣ አንድ ለሁለት የታጠፈ ሰማያዊ ደብተር።

ልጄ ደብተሩን ነጥቃ ገለጠችው። ገጾቹ ሁሉ በማስመሪያ የተሠመሩ አምስት አምስት መስመሮች፣ በላያቸው ላይ ደግሞ በእርሳስ የተለቀመ ኖታ። ሽፋኑ ላይ «ለአራት እጅ። 1976 ዓ.ም.» ይላል። ከሥር የወንድሜ ፊርማ።

እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ባለሙያው አየኝና «ጋሼ፣ አሞዎት ነው እንዴ?» አለኝ።

አላመመኝም። ደብተሩን እዚያ የከተትኩት እኔ ነበርኩ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባታችን የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም ነበር። ፒያኖውን በ1967 ዓ.ም. ዕቃውን ሽጦ ወደ አገሩ ከሚሄድ ፈረንጅ ነው የገዛው። ለምን እንደገዛው ዛሬም አይገባኝም፤ ርካሽ ስለነበር ይመስለኛል። እናቴ የቡና ስኒ መደርደሪያ አደረገችው። ወንድሜ ግን (በሰባት ዓመት ነው የሚበልጠኝ) ስኒዎቹን አንሥቶ ክዳኑን ከፈተ። ከዚያ በኋላ አልዘጋውም።

እኔን ያስተማረኝም እሱ ነው። «ነጮቹን ተዋቸው፤ ጥቁሮቹን ብቻ ንካ» አለኝ። ነካሁ። ትዝታ ወጣ! እናንተም ፒያኖ ካገኛችሁ ሞክሩት፤ አምስቱ ጥቁሮች ብቻቸውን የትዝታን ቅኝት ይሰጧችኋል። የፈረንጅ ዕቃ ሆድ ውስጥ የእኛ ዜማ ተቀምጦ ማግኘቴ ለእኔ ተአምር ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ወንድሜ ከአንድ ጓደኛው የተቀዳ ካሴት ይዞ መጣ። ጄነሲስ የሚባሉ የእንግሊዝ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት አልበም ነው። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ስለዞረ መሀል መሀሉ ላይ እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ ማታ መሄጃ የለም፤ ክሩ ሲጠላለፍ በቢክ እስክሪብቶ እየጠቀለልን ያንኑ ደጋግመን እንሰማለን። አባባ «ይኼ ሙዚቃ ነው ወይስ የመኪና አደጋ?» ይላል።

ፕሮግረሲቭ ሮክ ይሉታል ዓይነቱን። ለማታውቁት፣ እንደ ሌላው ዘፈን ሦስት ደቂቃ ተዘፍኖ አዝማቹ ተደግሞ አያልቅም። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። ምቱ መሀል መንገድ ላይ ይቀየራል። እግራችሁን እየመታችሁ ስትከተሉት ድንገት ደረጃ እንደሳተ ሰው አየር ላይ ትቀራላችሁ። ወንድሜን ያሳበደው «ፈርዝ ኦቭ ፊፍዝ» የሚባለው ነበር። ስሙ ራሱ ቅኔ ቢጤ ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ ፈርዝ ኦቭ ፎርዝ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ፤ ልጆቹ በቃሉ ተጫውተው «አራተኛ»ውን «አምስተኛ» አደረጉት። ቶኒ ባንክስ በፒያኖ ብቻ ይጀምረዋል። መሀል ላይ ፒተር ጋብርኤል በዋሽንት መሰል ፍሉት አንድ ዜማ ያወጣል፤ ኋላ ያንኑ ዜማ የስቲቭ ሃኬት ጊታር ይቀበልና ወደ ሰማይ ይዞት ይሄዳል።

«ይኼ ዘፈን አይደለም» ይለኛል ወንድሜ፣ «ቤት ነው። ክፍል ክፍል አለው፤ ሳሎን አለው፣ ጓዳ አለው፣ በረንዳ አለው።»

እና ያንን ቤት እኛ ቤት ሊያስገባው አሰበ። አምስት ሰው የሚጫወተውን ባንድ በአንድ ፒያኖ፤ በእሱ ሁለት እጅና በእኔ ሁለት እጅ።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ሸክላ ከመምጣቱ በፊት አውሮፓ ውስጥ ሲምፎኒ መስማት ያማረው ሰው ወይ ኦርኬስትራ ያለበት ከተማ ይሄዳል፣ ወይ ቤቱ ባለው ፒያኖ ከእህቱ ወይ ከሚስቱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ይጫወተዋል። ብራህምስ የገዛ ሲምፎኒዎቹን ለአራት እጅ አቀናብሯል። ሹበርት በሞተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1828፣ የጻፈው ፋንታሲያ ከመጀመሪያውም የታሰበው ለአንድ ፒያኖና ለሁለት ሰው ነው። ወደ ሮክም ስንመጣ መንገዱ ተመላላሽ ነው። ኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር የሚባሉት ሦስት እንግሊዛውያን ሙሶርግስኪ በ1874 ለፒያኖ የጻፈውን «የኤግዚቢሽን ሥዕሎች» ወደ ሮክ ቀይረው እ.ኤ.አ. በ1971 አወጡት። ኋላ ደግሞ ኢንግቬ ጉዳል እና ሮጀር ቲ. ማቴ የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን የጄነሲስን ዘፈኖች ለሁለት ትልልቅ ፒያኖዎች አቀናብረው እ.ኤ.አ. በ2002 አልበም አደረጉት። ወንድሜ በሃያ ዓመት ገደማ ቀድሟቸዋል፤ አልበም የለውም እንጂ።

የሰው አገር ሙዚቃ ወስዶ ባለ መሣሪያው እንዲችለው አድርጎ ማቀናበር ለእኛም ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያዎቻቸውን ይዘው ከመጡ፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን ካስተማራቸው፣ የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ ናልባንዲያንም የእኛን ዜማ ለትልልቅ ኦርኬስትራ ካቀናበረ ወዲህ ዘመናዊ የምንለው ሙዚቃችን በሙሉ የአቀናባሪ ሥራ ነው። ፒያኖ ግን በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው መሣሪያ ሆኖ ነው የሚታወቀው። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉትን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አስቡ። የአገራችንን ዜማዎች ለፒያኖ ያቀናበረውን ግርማ ይፍራሸዋን አስቡ። ሁለቱም በዓይነ ሕሊናችን የሚመጡት ብቻቸውን ተቀምጠው ነው። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ሲጫወት ማየት አልለመድንም።

ይኼ አራት እጅ የሚባል ነገር ደግሞ ሕግ አለው። ፒያኖ 88 ቁልፍ ነው። በስተቀኝ፣ ቀጭኑ ድምፅ ጋ የሚቀመጠው ዜማውን ይይዛል፤ ፈረንጆቹ ፕሪሞ ይሉታል፤ አንደኛ እንደማለት። በስተግራ፣ ወፍራሙ ድምፅ ጋ የሚቀመጠው ደግሞ ሴኮንዶ፤ ሁለተኛ። ደብተሩም እንደዚያው ይከፈላል፤ የግራው ገጽ የሁለተኛው፣ የቀኙ ገጽ የአንደኛው።

ወንድሜ ለእኔ የሰጠኝ የግራውን ነው።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ካሴቱን እንደ እሱ በቃሌ አውቀዋለሁ። የዋሽንቱን ዜማ ልጫወት፣ የጊታሩን ሶሎ ልጫወት ስጠብቅ «አንተ ከታች ነህ» አለኝ። ከታች ያለው ድም ድም፣ ድም ድም ነው። ሰው ሲሰማ «ታላቅየው እንዴት ይጫወታል! ታናሽየውም ያግዘዋል» ሊል ነው። አንድ ሁለቴ ሞከርን። መሀል ላይ እጃችን ይጋጫል፤ «እጅህን አንሣ!» ይለኛል፤ «አንተ አንሣ!» እለዋለሁ። አንድ ከሰዓት እሱ ሲወጣ ጠብቄ፣ ደብተሩን ይዤ፣ ከጉልበት በታች ያለውን ሰሌዳ ከፈትኩ። በአንዲት የብረት ምላስ ብቻ ነው የተያዘው። ከተትኩት። ዘጋሁት።

ለአንድ ሳምንት ያህል ቤቱን ገለባብጦ ፈለገው። እኔም አብሬው ፈለግሁ፤ አልጋ ሥር ሳይቀር ገብቼ። በስምንተኛው ቀን ፍለጋውን አቆመና እናቴን «አባባ ነው አይደል?» አላት። አባባ «ልጄን አዝማሪ ሆኖ ማየት አልፈልግም» ይል ስለነበር ጥርጣሬው ከሰማይ አልወረደም። እናቴ ዝም አለች፤ እሷም ሳትጠረጥር አልቀረችም። ወንድሜ አባባን አልጠየቀውም። በዚያ ዘመን አባት አይጠየቅም። ዝም ብሎ ያዘበት።

እኔም ዝም አልኩ። በመጀመሪያ ፈርቼ፣ ቀጥሎ አፍሬ፣ ከዚያ ደግሞ ረስቼው። ሰው ክፋቱን የሚረሳበት ፍጥነት ይገርማል።

ወንድሜ ሙዚቀኛ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ባንድ ውስጥ ነበር። ከዚያ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ሳክስፎኑንም ራሱ የሚያወጣ ኪቦርድ አገራችን ገባና ባለ ሆቴሎቹ «ለስድስት ሰው ከምንከፍል» አሉ። በ1990ዎቹ ከቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ ምሽት ቤቶች ብቻውን «ዋን ማን ባንድ» ሆኖ ሠራ። በአሥር ጣቱ የአምስት ሰው እንጀራ በላ፤ ይህንን ያለው ራሱ ነው፣ ከስድቡ ጋር። «በድሮ ጊዜ የአምስት ሰው ሥራ ለሁለት ላካፍል ነበር፤ ዛሬ ብቻዬን ቀረሁበት» ይለኛል። ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2012 ብቅ ሲል በሌሊት ደውሎ «ይኸው! የእኛ ቅኝትና የሮክ ጊታር ይስማማሉ ስልህ አልነበረም?» ብሎ ጮኸብኝ። ቀጠል አድርጎ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገና «አባባ ያንን ደብተር ባያቃጥለው…» አለ።

ያኔ እንኳን አልነገርኩትም።

አባባ በ2007 ዓ.ም. አረፈ። እናቴ ቀድማው ሄዳለች። የቀረን ገርጂ በማኅበር የሠራው ቤት ነበር፤ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ይኖርበታል። ይሸጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ዕዳ ነበረብኝ፤ ሰበብ ለመስጠት አይደለም፤ እንድታውቁት ነው። እሱ አይሸጥም አለ። ዘመድ ገባ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ጠበቃ ገባ። በ2009 ዓ.ም. ቤቱ ተሸጠ። ዛሬ በቦታው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ አንገቴን ወደ ሌላ ጎን አዞራለሁ።

ገንዘቡ ለሁለት ተከፈለ። ዕቃውም ተከፈለ፤ ድስቱ፣ ምንጣፉ፣ የአባባ ካፖርት ሳይቀር። ፒያኖው ላይ ሲደረስ ነገር ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኢምፔሪያል አካባቢ ካፌ ተቀምጠን ሳለ «እንዲያው ስንት ቁልፍ አለው?» ብለው ጠየቁ። «88» አልኩ። «እንግዲያው 44 ለታላቅየው፣ 44 ለታናሽየው» አሉና ሳቁ። እኛ አልሳቅንም። በመጨረሻ የእኔ ልጅ ሰባት ዓመቷ ስለነበረ «ትማርበት» ተብሎ ለእኔ ደረሰ። ወንድሜ ተነሥቶ ሲወጣ «የአባቴን ቤት ወሰድክ፣ ፒያኖዬን ወሰድክ። አባባ የጀመረውን አንተ ጨረስከው» አለኝ። ወደ አያት ገባ። ስምንት ዓመት አልተነጋገርንም። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እንደ ሁለት የተለያየ ዕድር አባላት አንገት ነቅነቅ አድርገን እንለያያለን።

እንግዲህ ደብተሩ የወጣው በዚህ መሀል ነው።

ቅዳሜ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ብቻዬን ገለጥኩት። የግራውን ገጽ ያየሁት እንደገና ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ኖታውን እንጂ ዳር ዳሩን አላየሁም ነበር። በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ለእኔ የተጻፈ ነገር ሞልቶበታል። «እዚህ ጋ ቀስ በል።» «እዚህ ጋ አራት አትቁጠር፤ ይቀየራል፤ እኔን ስማ።» «ፔዳሉ ያንተ ነው፤ እኔ አልነካውም።»

የጊታሩ ሶሎ ጋ ስደርስ ደግሞ ይኼ አለ። «ፒያኖ እንደ ጊታር ድምፅ ይዞ አይቆይም። ከተመታ ጀምሮ ይሞታል። አንተ ከሥር ከቀጠልክ ግን ጆሮ ያልሞተ ይመስለዋል። እዚህ ጋ አታቁም።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ነገሩ እውነት ነው፤ ኋላ ልጄ በፒያኖው አሳየችኝ። ጊታር አንዲት ድምፅ ይዞ እንደ ጭልፊት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ፒያኖ መዶሻው ሽቦውን መትቶ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መክሰም ብቻ ነው። ከላይ ያለው ሰው የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ያችን ድምፅ ማቆየት አይችልም። የሚያቆይለት ከታች ያለው ነው፤ ሳያቋርጥ እየሄደ። ፔዳሉንም የሚረግጠው እሱ ነው። ያለጊዜው እግሩን ካነሣ የወንድሙ ዜማ እንደ ተቆረጠ ክር ይቀራል። እኔ «ድም ድም» ብዬ የናቅሁት ቦታ ዘፈኑ በሙሉ የቆመበት ምሰሶ ነበር። ወንድሜም ለማን እንደሚሰጠው አስቦ ነው የሰጠው።

በዚህ አገር «ሁለተኛ» መባል እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው። ስብሰባ ላይ ምክትል መሆን፣ ሠርግ ላይ ሁለተኛ ሚዜ መሆን ሳይቀር ያኳርፋል። ሁላችንም በቀኝ በኩል መቀመጥ ነው የምንፈልገው። ጠቡ ደግሞ ሁልጊዜ ድንበሩ ላይ ነው፤ 44ኛው ቁልፍና 45ኛው ቁልፍ ጋ። ኖርዌያውያኑ ለየራሳቸው ፒያኖ አላቸው፤ አጥርና አጥር ናቸው። አንድ ፒያኖ ላይ ግን የእኔ ቀኝ እጅና የአንተ ግራ እጅ አንዲት ቁልፍ ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ጋ አንዱ ነክቶ ቶሎ ካላነሣ ሌላው መምታት አይችልም።

እሑድ ጠዋት ስነሣ ልጄ ደውላለታለች። ሳትጠይቀኝ። «አጎቴ፣ ያንተን ደብተር አገኘን» ብላዋለች። ከሰዓት መጣ። ቤቴን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ሥልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አራቱን ፎቅ በእግሩ ወጥቶ በሩ ላይ ትንፋሹን እየሰበሰበ «እንደምን ዋላችሁ» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለቤቱ። ቡና ተፈላ። ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሽፋኑን በመዳፉ ጠረገው።

«የት ተገኘ?»

«ፒያኖው ሆድ ውስጥ» አለች ልጄ።

ዝም አለና «አሃ። ከላይ ወድቆ ኖሯል ማለት ነው» አለ።

አያችሁልኝ? መውጫውን ራሱ ከፈተልኝ። «አዎ፣ ወድቆ ኖሯል» ብል አለቀ። አባባም ነጻ ወጣ፣ እኔም ነጻ ወጣሁ፣ ቡናውም ተጠጣ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልዋሽም።

«አልወደቀም ጋሼ» አልኩት። «እኔ ነኝ የከተትኩት።»

ልጄ ስኒ እንደያዘች ቀረች። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ።

«አባባ አይደለም?»

«አይደለም።»

ግድግዳው ላይ የአባባ ፎቶ አለ። እሱን ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ተነሥቶ በረንዳ ወጣ። ልከተለው ስል ልጄ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቀመጠችኝ። ጀርባውን ነው የማየው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«አርባ ዓመት አማሁት» አለ። «ሬሳው ፊት ቆሜ እንኳን በሆዴ 'ደብተሬን' ብዬዋለሁ።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ምን ብዬ እንደጠየቅሁ አላስታውስም። ይቅር ብዬሃለሁም አላለኝ፤ ብሎኛል ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ጃኬቱን ይለብሳል ብዬ ስጠብቅ ወደ ፒያኖው ሄዶ በቀኝ በኩል ተቀመጠ። ወንበሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ና ተቀመጥ። ከታች።»

ተቀመጥኩ። ጣቶቼ እንጨት ሆነዋል። መግቢያውን እሱ ጀመረ፤ አንዳንዱን ቦታ እየዘለለ፣ አንዳንዱን እየፈጠረ። ምቱ ሲቀየር ጠፋሁ፤ «ስማኝ እንጂ አትቁጠር» አለኝ፤ ተመለስኩ። መሀል ላይ እንደ ድሮው ተጋጨን። እጄን አነሣሁ። ለካ እሱም አንሥቷል፤ ቁልፏ ሳትመታ ቀረች። ልጄ «ኧረ አንዳችሁ ምቷት!» ብላ ጮኸች።

የጊታሩ ሶሎ ጋ ስንደርስ ከላይ አንዲት ድምፅ መታና ጠበቀኝ። እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግሁ። ቀጠልኩ።

ነገሩ በዚያ አለቀ ብዬ አልዋሻችሁም። የገርጂው ቤት አልተመለሰም፤ አይመለስምም። ስለ ገንዘቡ እስካሁን አላወራንም፤ አንድ ቀን ማውራታችን አይቀርም፣ ያ ደግሞ በአራት እጅ የሚጫወቱት ነገር አይደለም። ደብተሩን ሲሄድ «ውሰደው» አልኩት። ገለጠና የግራውንም የቀኙንም ገጽ አየ። «ምን ላደርገው? እኔ ቤት ያለው ኪቦርድ ነው» ብሎ ፒያኖው ላይ መልሶ አስቀመጠው። በሁለት ሳምንት አንዴ ከአያት ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ኖታ ብቻ ነው።

ባለፈው ጊዜ ከታች ያሉትን አባወራ ደረጃ ላይ አገኘኋቸው።

«ሰሞኑን ሁለት ሰው ነው የሚመታው መሰለኝ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ወንድሜ ነው የሚመጣው።»

«አንደኛው ይሳሳታል።»

«እሱ እኔ ነኝ።»

ዘንቢላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና ትንሽ አሰቡ። «ግድ የለም» አሉ። «መሀል ላይ እያቆማችሁ ስትጀምሩ ነው እንቅልፍ የሚነሳን። ዝም ብላችሁ ቀጥሉ።»